ዒላማ፣ ወንጭፍና መሳት

አንግሪ በርድስ ወፎች በወንጭፍ እየተወረወሩ የአሳማዎችን ምሽግ የሚያፈርሱበት የካርቱን ጨዋታ ነው። ሮቪዮ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 መጀመሪያ ለአይፎን አወጣው፤ በሜይ 2011 ደግሞ በክሮም ብራውዘር የሚከፈት ቅጂ ተዘጋጀለትና ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም በማውስ እየጎተተ ይጫወተው ጀመር። ታሪኩ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። አረንጓዴ አሳማዎች የወፎቹን እንቁላል ሰርቀዋል፤ ወፎቹ የሚበሩበት ክንፍ ስለሌላቸው ራሳቸውን ድንጋይ አድርገው በወንጭፍ ይወረወራሉ።

ጨዋታው በዓለም ዙሪያ ለምን እንደተወደደ ሲነገር የሥዕሉ ውበትና የአሳማዎቹ አስቂኝ ድምፅ ይጠቀሳሉ። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ሥዕላቸው ያማረ፣ ድምፃቸው የሚያስቅ ስንት ጨዋታዎች ወጥተው ተረስተዋል። እዚህ ሰውን ይዞ የሚያስቀረው ከሥዕሉ ሥር ያለው ጥንታዊ ድርጊት ነው፤ ማነጣጠር፣ መልቀቅ፣ ከዚያም እጅን ሰብስቦ የሚሆነውን ማየት። ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩበት አንድ ጥያቄ በዚህ ድርጊት ውስጥ አለ። ከሰው እጅ ከወጣው ነገር ውስጥ የራሱ የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?

የውርወራ ጨዋታ በኮምፒውተር ላይ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። በ1991 ከኤምኤስ ዶስ 5 ጋር በመጣው ጎሪላስ ሁለት ጎሪላዎች ፎቅ ጣሪያ ላይ ቆመው የሚፈነዳ ሙዝ ይወራወራሉ፤ ተጫዋቹ የማዕዘኑንና የፍጥነቱን ቁጥር በኪቦርድ ይጽፋል፣ ነፋሱንም ይገምታል። በ1995 ዎርምስ ትሎችን አስታጥቆ አዋጋ። በ2009፣ አንግሪ በርድስ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በፍላሽ የተሠራው ክራሽ ዘ ካስል በብራውዘር ተለቀቀ፤ የመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ በአንድ ንክኪ ክንዱን ያወዛውዛል፣ በሁለተኛው ንክኪ ድንጋዩን ይለቃል፣ ግንቡም በውስጡ ባሉት ላይ ይናዳል። የሁሉም ስሌት አንድ ነው። አንግሪ በርድስ ያመጣው ለውጥ ቁጥሩንም ንክኪውንም በጣት መጎተት መተካቱ ነው። ማዕዘን ምን እንደሆነ ያልተማረ የአራት ዓመት ሕፃን ላስቲኩን ሲጎትት ማዕዘን እየመረጠ ነው።

አንድ ቀላል ደረጃ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በስክሪኑ ግራ በኩል ባላ እንጨት ተተክሏል፤ ላስቲኩ ላይ አንዲት ቀይ ወፍ ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ መሬት ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በቀኝ በኩል ቋሚና አግዳሚ እንጨት ተደራርቦ የተሠራ ጎጆ አለ፤ ውስጡ አንድ አሳማ ዓይኑን እያርገበገበ ተቀምጧል። ጣት ወፏን ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ላስቲኩ እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ይለጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት ኃይል አይጨምርም። ስለዚህ የለመደ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ጫፍ ይስባል። በዚህ መንገድ ከሁለቱ ያልታወቁ ነገሮች አንዱን፣ ማለትም ኃይሉን፣ አስሮ ያስቀምጥና ማዕዘኑን ብቻ ይፈልጋል። ጣት ሲነሣ ወፏ ትወነጨፋለች፤ በሰማዩ ላይ ከኋላዋ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። ከጣሪያው በላይ አልፋ ትወድቃለች፤ አሳማው ምንም አልሆነም። ሁለተኛዋ ወፍ ላስቲኩ ላይ ስትወጣ ግን የመጀመሪያዋ መንገድ ገና ሰማዩ ላይ ተሥሎ ይታያል። ተጫዋቹ ያን መስመር እያየ ጣቱን በትንሹ ያንቀሳቅሳል።

የነጠብጣቦቹ ቅርጽ ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ፓራቦላ ነው። ወደ ፊት ያለው ፍጥነት ሳይለወጥ ይቀጥላል፣ ወደ ታች ያለው በየቅጽበቱ ይጨምራል፣ ሁለቱ ሲዳመሩ መንገዱ ይታጠፋል። ከእርሱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ጣሊያናዊው ኒኮሎ ታርታልያ በ1537 መድፍ በደልዳላ መሬት ላይ በጣም የሚርቀው በ45 ዲግሪ ሲነሣ መሆኑን ጽፎ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ነገር የጨዋታው ስልት እምብርት ነው። ከ45 ዲግሪ እኩል የራቁ ሁለት ማዕዘኖች፣ ለምሳሌ 30 እና 60፣ ደልዳላ መሬት ላይ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ለአንድ ዒላማ ሁለት መንገድ አለ ማለት ነው። ዝቅ ያለው መንገድ በፍጥነት መጥቶ የምሽጉን ፊት ይመታል፣ ቋሚዎቹን ይገፋል። ከፍ ያለው ሰማይ ጠቀስ ዞሮ ከላይ ይወርዳል፤ ከግድግዳ ኋላ የተደበቀውን የሚያገኘው እርሱ ነው። ጀማሪ ሰው ዝቅ ያለውን ብቻ ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ መኖሩን ያወቀ ቀን ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆንበታል።

የቀረውን ስልት በአጭሩ መናገር ይቻላል። ሰማያዊዋ ወፍ በአየር ላይ ስትነካ ሦስት ሆና ትበተናለች፣ መስታወት መሰሉን ነገር ትሰብራለች፤ ቢጫዋ ፍጥነት ትጨምርና እንጨት ትበሳለች፤ ጥቁሩ ይፈነዳል፣ ድንጋይ የሚያፈርሰው እርሱ ነው፤ ነጯ እንቁላል ትጥላለች። ሳትወረወር የተረፈች ወፍ 10,000 ነጥብ ታስገኛለች፤ ሦስት ኮከብ የሚፈልግ ሰው መቆጠብ አለበት። ብልህ ተጫዋች አሳማውን ሳይሆን አሳማውን የተሸከመውን ምሰሶ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ሊሰመርበት ይገባል። የወፎቹን ተራ ተጫዋቹ አይመርጥም። ቢጫዋ መጀመሪያ ብትመጣ ኖሮ ይቀል ነበር ብሎ ማዘን አይጠቅምም፤ የተሰጠው ተራ ያ ነው፣ ሥራው በተሰጠው መወርወር ነው።

ካናዳ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ጨዋታ ማለት የግድ መሻገር የማያስፈልገውን እንቅፋት በፈቃድ ለመሻገር መሞከር እንደሆነ አስረድቷል። ጎልፍ ተጫዋች ኳሷን በእጁ ይዞ ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ሊያስቀምጣት ይችላል፤ ያን ቀላል መንገድ ትቶ ረጅሙን ይመርጣል። በወንጭፉ ጨዋታም ላስቲኩን የሚጎትተው ጣት አሳማው ካለበት የስክሪን ቦታ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ሄዶ መንካት ይችላል። ሕጉ ግን ከባላው እንዳትርቅ ይለዋል፣ ተጫዋቹም እሺ ይላል። ይህ እሺታ ትንሽ ነገር አይደለም። ውርወራ የሚጣፍጠው ወርዋሪው ከዒላማው ርቆ ለመቆም ስለተስማማ ነው። በመካከል ያለው ባዶ አየር የእርሱ ሥልጣን የሚያበቃበት ስፍራ ነው።

ያ ስፍራ በአማርኛ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ መሳት። ተኳሽ ዒላማውን ይስታል፣ መንገደኛ መንገዱን ይስታል፣ የታመመ ሰው ራሱን ይስታል፣ ስሕተትም ከዚያው ሥር ይወጣል። ይህ የአጋጣሚ መመሳሰል እንዳይመስል ሌሎቹን ቋንቋዎች ማየት ይበቃል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ስለ ሰባት መቶ ግራኝ ወንጫፊዎች ይነገራል፤ ጠጠር ወርውረው ጠጉር የማይስቱ ነበሩ። እዚያ ላይ ዒላማ አለመሳታቸውን የሚገልጸው የዕብራይስጥ ግሥ በሌላ ቦታ ኃጢአት መሥራትን የሚገልጸው ግሥ ነው። ግሪኩም እንዲሁ ነው፤ በሆሜር ዘመን ጦር ሲስት የሚነገርበት ቃል በአዲስ ኪዳን የኃጢአት ቃል ሆነ። ግእዝ በጥቂቱ ይለያል። ኀጥአ ማለት አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ የአማርኛው አጣ የወጣው ከዚያ ነው፣ ኃጢአትም ከዚያው ሥር። በዕብራይስጥና በግሪክ ያለው ሥዕል ዒላማውን አልፎ የሄደ ድንጋይ ሲሆን በግእዝ ያለው ባዶ የቀረ እጅ ነው። ሁለቱም አንድን የወንጭፍ ውርወራ ከሁለት ጫፍ ያያሉ። አንዱ ድንጋዩ የት እንደደረሰ ይጠይቃል፣ ሌላው ወርዋሪው ምን እንደቀረበት።

ኃጢአትን መሳት ማለት አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። መሳት የሚችለው ያነጣጠረ ብቻ ነው። ዝም ብሎ ድንጋይ የጣለ ሰው ምንም አልሳተም። ስለዚህ የሳተ ሰው በአንድ በኩል ክብር አለው፤ ዒላማ ነበረው ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ቃሉ ከባድ ጥያቄ ይተዋል። ዓይኑ ደህና፣ እጁ ደህና ሆኖ ነፋስ ያሳተው ሰው፣ እና ሳያይ የወረወረ ሰው፣ ሁለቱም ሳቱ ይባላሉ። ድንጋዮቹ ጎን ለጎን ወድቀው ሊገኙ ይችላሉ።

ስቶይኮች የሚባሉት የጥንት ፈላስፎች ይህን ጥያቄ በቀስተኛ ምሳሌ ያዙት። ሮማዊው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ስለ መልካም ፍጻሜዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል የስቶይኮቹን አሳብ እንዲህ ያቀርበዋል። ቀስተኛ ዒላማውን ለመምታት የሚቻለውን ሁሉ ያደርጋል፤ የእርሱ እውነተኛ ግብ ያ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው። ፍላጻው መድረሱ የሚመረጥ ነገር ነው፣ የሕይወት የመጨረሻ ግቡ ግን አይደለም። የሰው ድርሻ እስከ ጅማቱ ድረስ ነው፤ ከጅማቱ ወዲያ ያለው የነፋስ፣ የርቀት፣ የዒላማው መንቀሳቀስ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ይህን አልተቀበለም። ለመምታት ብሎ ሳይሆን ለመምታት የሚያስፈልገውን ለማድረግ ብሎ መወርወር ነገሩን መገልበጥ መስሎታል። ክርክሩ እውነተኛ ችግር ላይ ያርፋል፤ ዒላማው ግድ ካልሰጠው ቀስተኛው ለምን ያን ያህል ይጠነቀቃል?

የወንጭፉ ጨዋታ በነጥብ ሰሌዳው የፕሉታርክ ወገን ነው። ኮከቦቹ አሳብን አያዩም። ለደቂቃዎች አስቦ የወረወረና ዓይኑን ጨፍኖ የለቀቀ ሰው ያፈረሱት ግድግዳ እኩል ከሆነ ነጥባቸው እኩል ነው። ሆኖም ጨዋታውን ለጥቂት ሰዓት የተጫወተ ሰው ሁሉ በውስጡ ሌላ ሰሌዳ እንዳለ ያውቃል። መስመሩን አስተካክሎ ወርውሮ በመጨረሻ ቅጽበት የተንከባለለ ድንጋይ አሳማውን ሳይነካው ቢቆም ያዝናል፣ ግን አያፍርም። ስታ የወጣች ወፍ ተራራ መትታ ተመልሳ ምሽጉን ብታፈርስለት ደግሞ ደስታው ጎዶሎ ነው፤ ኮከቡን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም ያንኑ ደረጃ ደግሞ በትክክል ለመምታት ይሞክራል። የውስጡ ሰሌዳ የስቶይኮች ነው።

በሃይማኖት በኩል ይህ የውስጥ ሰሌዳ ከሁሉ በላይ ተከብሯል። በእስልምና ሥራ የሚመዘነው በኒያ፣ ማለትም በውስጥ አሳብ ነው፤ የቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ የሚከፈተውም ይህን በሚለው ሐዲስ ነው። በፍልስፍናም በኩል ካንት በ1785 በጎ ፈቃድ ዕድል አጥቶ ምንም ባያሳካ እንኳ ዋጋው እንደማይቀንስ ጽፏል። ነገር ግን ዓለም በተግባር እንዲህ አትፈርድም። በ1976 ፈላስፎቹ በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የሥነ ምግባር ዕድል በሚል ርዕስ ያነሡት ይህንን ነው። ሁለት ሾፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስመረምሩ ይወጣሉ፤ አንዱ ፊት ሕፃን ልጅ ይገባበታል፣ ሌላው ባዶ መንገድ ላይ ነድቶ ቤቱ ይገባል። ቸልተኝነታቸው አንድ ነው፣ ፍርዳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ሕግም፣ ጎረቤትም፣ ሾፌሩ ራሱም ሌሊት ሲገላበጥ፣ የሚፈርዱት ድንጋዩ ከወደቀበት ተነሥተው ነው። ለዚህ እስካሁን ሁሉን ያስማማ መልስ አልተገኘም፤ የሚገኝም አይመስልም፣ ምክንያቱም ከሁለቱ ሰሌዳዎች አንዱንም መጣል የሚችል ሰው የለም።

ከዚህም የሚጠልቅ ጥያቄ አለ። ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ የሚሠራው ማን ነው? በቁርኣን የአል አንፋል ምዕራፍ 17ኛ አንቀጽ ስለ ውርወራ ይናገራል፤ ብዙ ተፍሲሮች፣ ማለትም የቁርኣን ማብራሪያዎች፣ በ624 በበድር ጦርነት ነቢዩ ሙሐመድ ወደ ቁረይሾች ከበተኑት እፍኝ ጠጠር ጋር ያያይዙታል። አንቀጹ ውርወራውን ለእርሳቸው ይሰጣል፣ በዚያው ቃልም ከእርሳቸው ወስዶ ለአላህ ይሰጣል። በእስልምና የአሽዐሪ ትምህርት ቤት ሊቃውንት እንዲህ ያሉ አንቀጾችን ይዘው ከስብ የሚባለውን ትምህርት አብራሩ። ድርጊትን የሚፈጥር አላህ ብቻ ነው፤ ሰው ድርጊቱን ይቀዳጀዋል፣ የራሱ ያደርገዋል፣ ስለዚህም ይጠየቅበታል። በ1111 ያረፈው የእስልምና ሊቅ አል ገዛሊ እሳትና ጥጥ ሲገናኙ እሳቱ ጥጡን ለማቃጠሉ ማስረጃ የለንም፣ የምናየው ከመገናኘታቸው ጋር መቃጠሉ አብሮ መምጣቱን ነው ብሎ ተከራከረ። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ካህን ማልብራንሽ በክርስትና በኩል ተመሳሳይ ነገር አስተማረ።

ይህ አሳብ ለብዙ ዘመናዊ አንባቢ እንግዳ ይመስላል። ወንጭፉ ውስጥ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። አንግሪ በርድስ የሚሠራው ኤሪን ካቶ በጻፈው ቦክስ ቱዲ በተባለ የፊዚክስ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጊዜን በጣም ትናንሽ ቁራጮች ይከፍላል፣ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 60። በእያንዳንዱ ቁራጭ የሁሉን እንጨት፣ የሁሉን ድንጋይ ቦታና ፍጥነት አስልቶ ዓለሙን እንደ አዲስ ያስቀምጠዋል። ወፏ እንጨቱን መትታ ስትጥለው ዓይን የሚያየው ወፍ እንጨት ስትገፋ ነው። እዚያ ውስጥ ግን ምንም ነገር ምንም ነገር አልገፋም። ፕሮግራሙ ወፏን እዚህ፣ እንጨቱን እዚያ አደረጋቸው፣ ሁልጊዜም በአንድ ሕግ ስለሚያደርግ ግፊት ይመስላል። አል ገዛሊ ስለ እሳትና ጥጥ ያለው ይኸው ነው፤ የአላህ ልማድ ይለዋል ይህን አለመዋዠቅ። በዚህ ትንሽ ዓለም የተጫዋቹ ድርሻ አንድ ጊዜ መጎተትና መልቀቅ ነው፣ የቀረውን ሁሉ ሌላ ይሠራዋል፤ ይሁንና ሲስት የሚባለው ፕሮግራሙ ሳተ አይደለም። ከስብ የሚለውን ቃል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ምሳሌው የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ፕሮግራሙ ምሕረትም ፈቃድም የለውም፣ አማኙ የሚያመልከው ግን ሕግን ብቻ አይደለም።

ሕጉ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ዕድል የሚባለው ከየት ይመጣል? ከጣት። የጣት ጫፍ ከአንድ ፀጉር በማይበልጥ ልዩነት ሲያርፍ ወፏ ምሰሶውን ጥቂት ከፍ ብላ ትመታዋለች፤ ምሰሶው በሌላ በኩል ይወድቃል፤ ሲወድቅ የነካው ድንጋይ ይንከባለላል፤ ከአራት ከአምስት ግጭት በኋላ ሁለቱ ውርወራዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 ስለ አየር ጠባይ ስሌት ያሳየው ይህን ዓይነት ነገር ነው። በረራው ይታወቃል፣ ናዳው አይታወቅም። የጨዋታው ፍቅር በትልቁ የሚገኘው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። በረራው ብቻ ቢሆን ሁለት ቀን ተለምዶ ይሰለች ነበር፤ ናዳው ብቻ ቢሆን ቁማር ይሆን ነበር። ከ2012 ጀምሮ ተመራማሪዎች አንግሪ በርድስን የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን አወዳድረዋል፣ ከሰዎችም ጋር አጋጥመዋቸዋል፤ በቼዝ ሰውን ካሸነፈ የቆየው ማሽን እዚህ ለዓመታት በሰው ተሸንፏል። ማዕዘን ማስላት ለማሽን ቀላል ነው። የሚከብደው የትኛው ግድግዳ ቢነካ ቤቱ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት ነው፤ ልጆች ያን ድንጋይ በመደራረብ ተምረውታል።

ስሙ እንደሚለው ወፎቹ ቁጡ ናቸው። ተጫዋቹ ግን ቢቆጣ አይሆንለትም። ሦስት ጊዜ ስቶ የተናደደ ሰው ላስቲኩን በጥድፊያ ይለቃል፣ ያለፈውን መስመር አያይም፣ ወፎቹን በተከታታይ ይጨርሳል። ሮማዊው ስቶይክ ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ ቁጣን ከገደል አፋፍ ከተጣለ ሰው አካል ጋር ያመሳስለዋል፤ አንዴ ከለቀቀ መመለሻ የለውም። ይህን የማይመለስ መልቀቅ አማርኛም ያውቀዋል፤ ስለ ቃል ሲናገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል። በጨዋታው ቁጣው ለተወረወረው ተሰጥቷል፣ እርጋታው ለወርዋሪው። አንዳንድ ወፎች በአየር ላይ ሳሉ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መነካት መቻላቸው ደግሞ ልብ የሚባል ነው። ከተለቀቀ በኋላ የቀረች ያች አንዲት ዕድል ለተረጋጋ ጣት ብቻ ትጠቅማለች።

በቁጣ ላይ የቆመ የውርወራ ታሪክ ሌላ ጥያቄም ያስነሣል፤ ማፍረስን መደሰቻ ማድረግ ተገቢ ነው? ታርታልያ ይህን ጥያቄ በራሱ ላይ አንሥቶታል። በ1531 ቬሮና ላይ አንድ መድፈኛ ወዳጁ መድፍ በየትኛው ማዕዘን እንደሚርቅ ጠየቀው፤ እርሱም ነገሩን መመርመር ጀመረ። ሥራው ሲሰፋ ግን ሰውን የሚያጠፋ ጥበብ ማሻሻል በእግዚአብሔር ፊት የሚያስወቅስ መስሎ ስለታየው ጽሑፎቹን አቃጠለ። በኋላ የኦቶማን ጦር ጣሊያንን ሲያስፈራራ አሳቡን ለውጦ መጽሐፉን አሳተመ፣ ይህንንም በመግቢያው ተናዘዘ። ዛሬ በሕፃናት ጣት ሥር የሚዞረው የማዕዘን ጥበብ የመጣው በዚህ ሰው ጭንቀት በኩል ነው። ካርቱኑ ጭንቀቱን አስወግዶታል። የተመታ አሳማ ደም የለውም፣ ትንሽ ጭስ ሆኖ ይጠፋል፣ ደረጃው እንደገና ሲከፈት ተመልሶ ይቀመጣል። የጨዋታውን ግድግዳ ማፍረስ በዚህ ምክንያት ክፉ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በዘመናችን እውነተኛ ጥይት የሚተኩሱ ሰዎችም በስክሪን እያዩ፣ ከዒላማቸው በጣም ርቀው እንደሚለቁት ሲታሰብ፣ የታርታልያ እሳት ሞኝነት አይደለም። ርቀት ውርወራን ጨዋታ የሚያደርገውን ያህል ገዳዩን ከገደለው ሰው ፊት ይሰውረዋል።

የመጨረሻው ነገር እንደገና መጀመር ነው። በስክሪኑ ጥግ ክብ ቀስት አለች፤ ስትነካ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል፤ ምሽጉ ይቆማል፣ ወፎቹ ይሰለፋሉ። ሰዎች ይህን ከንስሐ ጋር ማመሳሰል ይወዳሉ። ግን ይለያያሉ። ክቧ ቀስት የሆነውን አልሆነም ታደርገዋለች። ንስሐ እንዲያ አያደርግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ነፍስ አባቱ ዘንድ ሲቀርብ የሠራውን በቃሉ ይናገራል፤ ያለፈው ተደምስሶ ሳይሆን ተነግሮ ነው ይቅርታ የሚያገኘው፣ ቀኖናም ይቀበላል። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ ስለ ስርየት ቀን በሚናገረው ክፍሉ በኋላ እመለሳለሁ እያለ የሚበድል ሰው የመመለሻ ዕድል እንደማይሰጠው ያስጠነቅቃል። ክቧን ቀስት እያሰበ የሚወረውር ተጫዋች የዚህ ሰው ወንድም ነው፤ ግድ የለም እያለ ስለሚወረውር አያነጣጥርም። ለንስሐ የሚቀርበው የጨዋታው ክፍል ሌላ ነው፣ በሰማዩ ላይ የቀሩት ነጫጭ ነጠብጣቦች። የሳተው ውርወራ መንገድ ሳይጠፋ፣ ሳይደበቅ፣ ለቀጣዩ ውርወራ መለኪያ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛዋ ወፍ ከመጀመሪያዋ የምትሻለው የመጀመሪያዋ መሳቷ ስለሚታይ ነው።

ሰማይ በእውኑ ዓለም ነጠብጣብ አይዝም። በማሽላ ማሳ መካከል በተሠራ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ የተገመደ ወንጭፉን ራሱ ላይ አሹሮ አንደኛውን ጫፍ ሲለቅ ጠጠሩ ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው በሁለት ምልክት ነው፤ ወፎቹ በተነሡበት ቦታና ጠጠሩ ባረፈበት አገዳ መወዛወዝ። ዓይኑን ከዚያ አገዳ ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ሌላ ጠጠር ያነሣል።